ለሱሪያ የሚሆን ሳህን

ከይረዲን ከድሬዳዋ የሚነሳው ባቡር በሚያበቃባት የወደብ ከተማ፣ ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር ሳህን፣ ብርጭቆና ማንኪያ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። ልጇ ምግብ ሊጀምርላት የደረሰ እናት ሁሉ ወደ እሱ ትመጣለች። እሱም ወንድነቱን ረስቶ ስለ ድድና ስለ ጥርስ ሲያወራላት ይውላል። ታዲያ የዚህ ሰው የገዛ ልጁ ስድስት ወር ሲሞላት፣ ቤቱ ውስጥ በስሟ የተገዛች አንዲት ማንኪያ እንኳ አልነበረችም ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እንዴት እንደዚያ እንደሆነ ልንገራችሁ።

ሚስቱን ዘቢባን ያገኛት አሮጌው የድሬዳዋ ባቡር ገና ሥራ ሳያቆም ነው። ያኔ ፈረንጆች ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። የእመቤቷን የሾርባ ዕቃ ክዳን ሰብራ፣ ስብርባሪውን በሻሽ ቋጥራ መጣችና ባንኮኒው ላይ ፈታችው።

«እንደዚህ ያለ ክዳን አለህ?» አለችው።

ከይረዲን ስብርባሪውን የት አይቶት። ያየው ዓይኖቿን ነው፤ ፈርተዋል፣ ግን አይለምኑም። ቀኑን ሙሉ ሲለፈልፍ የሚውለው ምላሱ ተሳሰረ።

«ነገ ይመጣል» አላት። ከየት እንደሚመጣ አላህ ይወቅ።

በማግስቱ መጣች። «ከነገ ወዲያ» አላት። እንደገና መጣች። እንዲህ እንዲህ እያለ ወሩ ተገባደደ፤ ክዳኑም አልመጣ፣ እሷም አልቀረች። በመጨረሻ ጨነቀውና እውነቱን አፈረጠው።

«ዘቢባ፣ ክዳን የሚባል ነገር የለም። ድሮም አልነበረም።»

«በሁለተኛው ቀን አውቄያለሁ» አለችው።

«ታዲያ ለምን ትመላለሻለሽ?»

«የቬንቲሌተርህ ንፋስ ደስ ይላል» አለችና ፊቷን ወደዚያው አዞረች። እየሳቀች እንደሆነ ከትከሻዋ አወቀ።

ተጋቡና ካርቲየ 6 አንድ ክፍል ቤት ተከራዩ። ፍቅራቸው ለጎረቤት መሳቂያ ሆነ። ሰው ሁሉ ጥላ ፈልጎ በሚጋደምበት ሰዓት፣ ከይረዲን ሱቁን ዘግቶ በዚያ በሚጠብስ ፀሐይ እየተጣደፈ ምሳ ሊበላ ይመጣል። እሷም በር ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። የራበው ምሳው እንዳልሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር።

ከዚያ ሐዘን ገባ። የመጀመሪያው ልጅ ትንፋሽ ሳይኖረው ተወለደ። ሁለተኛው አርባ ቀኑን ሳይደፍን ሄደ። ለሁለቱም ከይረዲን ደስታው አላስችል ብሎት፣ ገና ሳይወለዱ ሳህኑንም ኩባያውንም ከሱቁ አምጥቶ ደርድሮ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ዘቢባ ዕቃውን በካርቶን አድርጋ፣ መልሳ ሰጠችው። ነጋዴ ነውና መልሶ ሸጠው።

ሦስተኛዋ ስትፀነስ እትዬ ሻሼ የሚባሉ የድሬዳዋ ሴት፣ የግድግዳ ጎረቤታቸው ናቸው፣ ዘቢባን ለብቻዋ አስቀምጠው መከሯት።

«ለዚህኛው ምንም ነገር እንዳትገዙለት፣ ልጄ። ልጅ ካደገላቸው እናቶች እየለመንሽ አልብሺው። ሞት እንዳያውቅባችሁ የናንተ እንዳልሆነ አድርጋችሁ አሳድጉት።»

ሱሪያ ተወለደች። የተጠቀለለችበት ፎጣ የሶማሌዋ ጎረቤት ነው፤ የለበሰችው ልብስ የአፋሯ፤ የታጠበችበት ሳፋ ከታች ካለችው የመናዊት የመጣ ነው። ዘቢባ በየደጁ ስትዞር ፊት የነሳት የለም፤ ለምን እንደምትለምን ሁሉም ያውቃል። ልጅቷን በስሟ አትጠራትም፤ «እንግዳዬ» ነው የምትላት። ከይረዲን ይህን በሰማ ቁጥር ይከፋዋል፤ ግን ሚስቱን ይወዳታልና አያርማትም።

ልጅቷ ግን ከረመች። አርባ ቀኗን አለፈች፣ ሳቀች፣ አንገቷ ጠና። ከይረዲን ጠዋት ሲነቃ ከሁሉ በፊት ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል ያያል። እንዲህ ያለ ነገር ቤቱ ውስጥ እየተነፈሰ፣ ከተማው እንደ ወትሮው ዳቦ ሊገዛ መውጣቱ ይደንቀዋል።

ስድስት ወር ሲሞላት የጤና ጣቢያዋ ነርስ «ምግብ አስጀምሯት» አለች። ያን ቀን ከይረዲን መታገሥ አልቻለም። አንዲት ቢጫ ጎድጓዳ ሳህን ከነማንኪያዋ መርጦ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ቤት ይዞ ገባ። ዘቢባ ጥቅሉን ፈትታ ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ምን አድርጌህ ነው?» አለችው ቀስ ብላ።

«ሳህን ናት፣ ዘቢ። ሳህን ብቻ።»

«ለሁለቱም ያመጣኸው ሳህን ብቻ ነበር።»

«ሳህን ሰው አይገድልም።»

«ምን እንደሚገድል አንተ ታውቃለህ? እኔ አላውቅም። ስለማላውቅ ነው ሁሉንም የምፈራው።»

«እኔም እኮ አባቷ ነኝ» አለ። «ለከተማው ልጅ ሁሉ ማንኪያ እመርጣለሁ። የራሴን ልጅ ግን እንደ ባዳ ቆሜ አያለሁ። እስከ መቼ?»

ሳህኗን ይዞ ወጣ። ከተጋቡ ወዲህ አኩርፎ ከቤት ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነበር።

በማግስቱ እንደተኳረፉ ምሳ ላይ ተቀምጠዋል። ሱሪያ እናቷ ጭን ላይ ናት። ዘቢባ ሩዝ በማንኪያ አንስታ ወደ አፏ ስትወስድ፣ ልጅቷ ዓይኗን ማንኪያው ላይ ተከለች። ሲወጣ ዓይኗ አብሮ ወጣ፤ ሲወርድ አብሮ ወረደ። ቀጥሎ ሲነሳ የእናቷን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። ያዘች ስላችሁ እንዲያው ነካ አደረገች ማለቴ አይደለም፤ ጎተተች። ያንን ጥርስ የሌለው አፏን ከፍታ፣ ማንኪያውን ወደ ራሷ እየሳበች በቁጣ «እህ» አለች።

ዘቢባ እጇን አልነጠቀችም። ከይረዲን የጎረሰውን ማላመጥ ረሳ። ያ ረቢ፣ ይህን ማን አስተማራት? ምግብ በአፍ እንደሚገባ፣ ከእናቷ ማንኪያ ላይ የእሷም ድርሻ እንዳለበት ማን ነገራት? ዕድሜውን ሙሉ ማንኪያ ሸጧል፤ ማንኪያ ምን እንደሆነ ያወቀው ግን ገና ያኔ ነው።

ዘቢባ ሩዙን በጣቷ ድቅቅ አድርጋ አቀመሰቻት። ልጅቷ ፊቷን አጨማደደች፤ ትንሽ ያሰበች መሰለች፤ ዋጠች። ከዚያ አፏን ደግማ ከፈተች።

«አየሃት?» አለች ዘቢባ።

«አየኋት።»

«ሊሄድ የመጣ ሰው እንዲህ አይጎትትም፣ ከይሬ።»

ከይረዲን የራሱን የሩዝ ሳህን ወደ እነሱ ገፋ አደረገው።

ፀሐዩ በረድ ብሎ ሱቆች ሲከፈቱ፣ ከይረዲን ቀና ቢል ዘቢባ ደጁ ላይ ቆማለች። ሁለተኛው ልጅ ከሞተ ወዲህ እግሯ ያንን ሱቅ ረግጦ አያውቅም። ሱሪያን አዝላለች።

«ለልጅ የሚሆን ዕቃ ፈልጌ ነበር» አለችው፣ እንደማታውቀው ሰው። ቀልዱ ገባው፤ ፍርሃቷን በዚያ እንደምትሸፍንም ገባው።

«ስንት ወሯ ነው፣ ማዳም?»

«ስድስት።»

«ይህቺ ሳህን የብርጭቆ ናት። ታምራለች፤ ግን ልጅሽ ትወረውራታለች።»

«ልጄ አትወረውርም።»

«ሁሉም እናት እንደዚያ ነው የሚለው። ማንኪያም የብረት አትውሰጂ፤ በእኛ አገር ሙቀት ይግላል፣ ድድም ይጎዳል። ይህቺን እይ፣ ጫፏ ይለመጣል።»

ማንኪያዋን ተቀብላ በገዛ ከንፈሯ ሞከረቻት። የሳህኖቹን አፍ አንድ በአንድ በጣቷ ዞረች፤ የሚሻክር ነገር እንዳለ ፈለገች። ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ገፋ ገፋ እያደረገች የትኛው እንደሚገለበጥ አየች። ከይረዲን ይመለከታታል። ያን ሁሉ ዘመን የሸጠው ዕቃ እንደዚህ ሲዳሰስ አይቶ አያውቅም። ትናንት ወደ ሱቁ የመለሳትን ቢጫ ሳህን አላነሳችም፤ እሱም አላሳያትም። ቂጧ ሰፊ የሆነ አረንጓዴ ሳህን፣ ያቺን ማንኪያና ባለ ሁለት ጆሮ ኩባያ ለየች።

«ሱሪያ ይህን ትወደዋለች» አለች። የልጅቷን ስም ከአፏ ሲሰማ ያ የመጀመሪያው ነበር።

«ልጠቅልልሽ?»

«ቆይ።» ዓይኗ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው። «ያንን ደግሞ አውርድልኝ።»

ቀና ብሎ አየ። ባለ ማንጠልጠያ የተማሪ ምሳ ዕቃ ነው።

«ይህ እኮ የትምህርት ቤት ነው፣ ዘቢ።»

«አውቃለሁ» አለችው። «ትምህርት ቤት አትገባም እንዴ?»

ከይረዲን በርጩማው ላይ ወጣ። ምሳ ዕቃውን በእጁ ያዘው፤ ግን ቶሎ አልወረደም። ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳደረገ እንባው ወረደ፤ በእጅጌው ጠረገው፤ እንደገና ወረደ።

ዘቢባ ከታች ሆና ጠበቀችው።

«ቀስ ብለህ ውረድ» አለችው። «ጊዜ አለን።»