ግድግዳ የምታንኳኳው ሴት

«ሁለተኛው ደረጃ ላይ ሰላሙ ይናጋል» አለች ማሬድ፣ ሰሌዳው ላይ የለጠፈችውን ካርድ በጣቷ እያሳየች። «ቤተሰቡ እራት እየበላ ሳለ ከፎቅ ግድግዳ ሲንኳኳ ይሰማል። ሴትዮዋ ናት። የሌሊት ልብሷን ገልብጣ ለብሳ፣ ግድግዳውን እያንኳኳች በር ትፈልጋለች። በሩ ግን ከኋላዋ ነው።»

ከክፍሉ ኋላ አንዱ ተማሪ «በቃ፣ ዛሬ እንቅልፍ የለም» ሲል ሁሉም ሳቁ። የቡድን አጋሯ ጌቲን ደረቱን ነፋ።

የፊልም መምህራቸው ሚስተር ፕሮሰር ሳምንቱን ሙሉ ያስተማሩት ይህንኑ ነው፤ ታሪክ አምስት ደረጃ አለው፤ ከሰላም ይነሳል፣ ሰላሙ ይናጋል፣ ሰዎች ችግሩን ያውቃሉ፣ ሊጠግኑት ይታገላሉ፣ በመጨረሻ ሌላ ሰላም ይመጣል። የተመረጠው የአስፈሪ ፊልም ዕቅድ ተቀርጾ በከተማው አዳራሽ ለወላጆች ይታያል። በዚያች የዌልስ የባሕር ዳር ከተማ ደግሞ የማን እናት ምን እንደሆነች የማያውቅ ጎረቤት የለም።

ማሬድ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ላለማየት ትጠነቀቅ ነበር። ጓደኛዋ ሎውሪ እዚያ ነበረች። ባለፈው ወር እነሎውሪ ቤት ስታድር፣ አእምሯቸውን ሕመም የነካው የሎውሪ እናት ግድግዳ ሲያንኳኩ አይታለች። ሎውሪ እናቷን በትከሻቸው ይዛ ቀስ ብላ ወደ በሩ አዞረቻቸው። ከዚያ ተመልሳ «ለማንም እንዳትነግሪ» አለቻት። ማሬድ ማለች። ደግሞስ ለማን ነገረች? ጻፈችው እንጂ። መሐላ የሚያፈርስ ሰው ምክንያት አያጣም።

ሎውሪ እጇን አወጣች።

«ሴትዮዋ ማንን ገደለች?»

«ማንንም» አለች ማሬድ።

«ቤት አቃጠለች? ሰው ነከሰች?»

«አይ... ታንኳኳለች።»

«ታዲያ ሰላም ያናጋችው በምኗ ነው?»

«አንቺ ደግሞ፣ ፊልም እኮ ነው» አለ ጌቲን። «ካስፈራች ይበቃል።»

«እሺ፣ አምስተኛው ላይስ ምን ትሆናለች?»

መልሱ በማሬድ እጅ ጽሕፈት ካርዱ ላይ ሰፍሯል። እሷ ግን ካርዱን በመዳፏ ሸፈነችው።

«ትሞታለቻ» አለ ጌቲን። «ከዚያ ቤቱ ሰላም ያገኛል።»

«ገባኝ» አለች ሎውሪ። አልተቆጣችም። ሎውሪ ብትሰድባት ማሬድ በወደደች።

ሚስተር ፕሮሰር ወደ ሰሌዳው ቀረቡ። «ጥሩ ክርክር ነው። የልብሱ መገልበጥ፣ የበሩ ነገር... በዓይን የታየ ይመስላል። ከየት አመጣሽው?»

«ከጭንቅላቴ» የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። እንዲያ ካለች ፊልሙ ይቀረጻል። እውነቱን ከዘረዘረች ደግሞ የክፍሉ ዓይን ሁሉ ሎውሪ ላይ ያርፋል።

«የራሴ አይደለም፣ ቲቸር። ሰርቄው ነው።»

«ከየትኛው ፊልም?»

«እሱን አልናገርም። ግን እንዳይቀረጽ።»

«የተሰረቀ ሥራ ዜሮ ነው፤ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። ጌቲን ምንም አያውቅም። ዜሮው የእኔ ብቻ ይሁን።»

«አብደሻል እንዴ?» አለ ጌቲን በሹክሹክታ።

ደወል ተደወለ። ሎውሪ ቦርሳዋን አንግታ፣ እንደወትሮው ሳትጠብቃት ወጣች። ማሬድ በመስኮት አየቻት፤ ነፋሱ እየገፋት ወደ አውቶቡሱ ትሄዳለች። ሮጣ ልትደርስባትና «ስምሽን አላነሳሁም እኮ» ልትላት ትችል ነበር። ያን ማሰቧ ራሱ ጆሮዋን አጋለው። ምስጋና ልትለምን ነው?

ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። አውቶቡሱ ሎውሪን ይዞ እስኪሄድ ድረስ አልተነሳችም።