ስልኩ ያንተ፣ ቁጥሩ የኔ

አፏን ስትፈታ መጀመሪያ ያወጣችው ቃል «እማ» አልነበረም፤ «እምቢ» ነበር። ቤተሰቡ በሳቅ ፈረሰ፤ ቅጽል ስሟም እዚያው «እምቢዬ» ሆኖ ቀረ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የእሷን ያወጣው መልአክ ግን ሳይቸኩል አልቀረም። ካደገች በኋላ እንደ እሷ ያለ እሺ ባይ በሰፈሩ አልተገኘማ! ተማሪ የተባለችውን ተማረች፣ ተይ የተባለችውን ተወች፣ ልብሷን እንኳ ወንድሟ «ይሄኛው ይሻልሻል» ያላትን ነው የምትለብሰው።

አባቷ ሲሞት ታላቅ ወንድሟ ወንድምም አባትም ሆኖ አሳድጓታል። ይህን ማንም አይክደውም፤ እሷም አትክደውም። ጥፋቱ አባትነቱ የሚያበቃበትን ቀን አለማወቁ ነው።

ወንድሟ የቤቱን ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ስልክ አስይዟል። ሁሉንም በአንድ የቤተሰብ አካውንት ሥር፣ በራሱ ስም አስገብቷቸዋል። የእሷን ሲመዘግብ ታዲያ፣ ስልኩ የተወለደችበትን ዓመት ቢጠይቀው፣ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሆኖ ስልኩን የገዛበትን ዓመት ሞልቶት ቁጭ አለ። በዚህ ስሕተት፣ ሰባት ስምንት ዓመት ካለፈ በኋላም፣ ሃያዎቹን ያጋመሰች፣ የሰው ጥርስ ሠርታ የምታድር ሴት፣ በስልኩ ዓይን ገና ሁለተኛ ክፍል ያለች ልጅ ሆና ቀረች። አንድ አፕ ላውርድ ስትል ወንድሟ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ይጮኻል፤ «ልጅዎ ፈቃድ እየጠየቀች ነው። ይፈቅዳሉ?» ይላል። የት እንዳለችም በካርታው ላይ ያያታል። አርምልኝ ብላ ስትለምነው ይስቃል፤ ልጅነት ምን ይጎዳሻል ይላታል። ከዚያ አካውንት ደግሞ ልጅ በራሱ ፈቃድ መውጣት አይችልም፤ የስልኩ ሕግ ነው።

እሷም እሺ ብላ ኖረች። መስታወት ቆራጩ እስኪመጣ ድረስ ማለት ነው።

የምትሠራው ለአንዲት የጥርስ ሐኪም ነው። ክሊኒኩ ከተማው ማዶ ስለሆነ ሐኪሟ የታካሚውን አፍ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክላታለች። እሷ ደግሞ በጠባቧ የሥራ ክፍሏ በጄሶና በሰም መሐል ተቀምጣ፣ ቀለሙን አመሳስላ ጥርሱን ትሠራለች። አንድ ጊዜ ታዲያ የአንድ ሰው የፊት ጥርስ አላስቀምጥ አላት። ሠርታ ላከች፤ ነጣ ተባለ። ደግማ ሠራች፤ ጠቆረ ተባለ። በሦስተኛው ፎቶውን አላምንም፣ ሰውየው ራሱ ይምጣልኝ አለች።

መጣ። መስታወት ቆራጭ ነው። ትልቅ መስታወት ሲያወርዱ የብረት ማንሻው ተፈናጥሮ የፊት ጥርሱን ይዞበት ሄዷል። ሲናገር አፉን በእጁ ይሸፍናል። ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ያስቀመጠው ስልክ ከእሷ ስልክ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ፊቱ ግን እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል።

«መስታወት ቆራጭ ሆነው?» አለችው ስልኩን እያየች።

«የሰው ሳስተካክል የራሴ ተረሳ።»

«በሉ እጅዎን ያውርዱ።»

«ካወረድኩት ትስቂያለሽ።»

«ጥርስ የጎደለው ሰው ማየት ሥራዬ ነው» አለች። እጁን አወረደ። እሷም አልሳቀችም።

መስኮቱ ጋ ወስዳ ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዞረችው። የጥርስ ናሙናዎቿን አንድ በአንድ እያፈራረቀች ከከንፈሩ ሥር ታስጠጋለች። ቀለም መምረጥ ብዙ አያቆይም፤ ያን ቀን ግን ናሙናው ሁሉ አልቆ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። እሱ አፉን ከፍቶ መናገር ስለማይችል ዓይኑን ብቻ እያንቀሳቀሰ ያያታል። ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ ናሙናው ከእጇ አምልጦ ወደቀ።

«ተገኘ?» አለ አፉን ሲዘጋ።

«አልተገኘም። ነገ ይመለሱ።»

ዋሸች። የመጀመሪያው ነበር ልኩ።

ጥርሱ ተሠርቶ ከተገጠመ በኋላም ሰውየው መመላለሱን አልተወም፤ አንዴ ለምስጋና፣ አንዴ ለመስኮቷ ልክ ለመውሰድ፣ አንዴ ደግሞ ያለ ምንም ምክንያት። «እርስዎ» ቀርቶ «አንተ» ተባለ። ዓርብ ዓርብ ከሥራ ስትወጣ እሷም ወደ መስታወት ቤቱ ጎራ ማለት ለመደች። ለቀልድ ሲሆን አንደበቱ የፈጠነ ነው፤ ቁም ነገር ሲመጣ ግን ምላሱ ይተሳሰራል። የልቡን የሚነግራት በጽሑፍ ነው። ቀን አብረው ስቀው ይለያዩና ማታ «ዛሬ ስትሄጂ ቤቱ ጨለመብኝ» የሚል መልእክት ይመጣል።

ካርታው ግን አይዋሽም። ወንድሟ ዓርብ ዓርብ የምትቆምበትን ቦታ አየና ዝም ብሎ ወደዚያው ሄደ። መስታወት ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ የቤታችን መስኮት አልተሰበረም፣ ስለዚህ የሚያገናኘን ጉዳይ የለም ብሎ ተናግሮ ተመለሰ። ለእሷ ደግሞ ማታ ራት ላይ፣ ደህና ሥራ ያለው ሰው አይቼልሻለሁ፣ ይሄንን መስታወት ለቃሚ እርሺው አላት። እናቷ አንገቷን ደፍታ ወጡን አወጣች።

እምቢዬ እሺም እምቢም ሳትል ተነሥታ ሄደች። ሌሊቱን ሙሉ ግን ውስጧ ሲንተከተክ አደረ። የወደደችውን ሰው በራፉ ድረስ ሄደው ሲያሸማቅቁባት፣ መንገዱን ያሳያቸው ራሷ በኪሷ የያዘችው ዕቃ ነው። ማንም ሳይነግራት አንድ ነገር ገባት፤ ይህን ስልክ ይዛ መቼም አታድግም።

በማግስቱ በገዛ ደመወዟ ከወንድሟ አካውንት ጋር የማይገናኝ ሌላ ዓይነት ስልክ ገዛች። ስልክ ሻጯ ሲም ካርዷን ወደ አዲሱ አዛወረችና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ ስሞቹና ፎቶዎቹ ይሻገራሉ፣ የድሮ መልእክቶቹ ግን ላይመጡልሽ ይችላሉ ብላ አስጠነቀቀቻት። እሷም ሰዎቹን ካሻገርሽልኝ ሌላው ይቅር አለች። አዲሱ ስልክ የተወለደችበትን ዓመት ሲጠይቅ ሻጯ ልትሞላላት እጇን ዘረጋች።

«ተዪ፤ ይሄን እኔ ልሙላው» አለች፤ ቁጥሮቹንም በገዛ ጣቷ አንድ በአንድ ነካቻቸው።

ከዚያ በቀጥታ መስታወት ቤት ሄዳ አዲሱን ስልክ አሳየችው።

«ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ።»

«እኔ መቼ አልኩ?»

«ሳትል ነው የምነግርህ።»

ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ ኮስተር አለ። የሚጠይቃት ነገር እንዳለ፣ ማታ እንደሚጽፍላት ነገራት። ልቧ ዘለለ፤ ፊቷን ግን ምንም እንዳልመሰላት አስመሰለች።

ቤት ስትገባ ወንድሟ ሳሎን ተቀምጧል። አሮጌውን ስልክ ፊት ለፊቱ አስቀመጠችለት።

«ጋሼ፣ ስልኩ ያንተ ነው፤ ቁጥሩ የኔ ነው። ቁጥሬን ይዤ ወጥቻለሁ።»

ወንድሟ ስልኩን አንዴ፣ እሷን አንዴ አየና ፈገግ አለ። ሲሰለችሽ ትመለሻለሽ አላት፤ ስልኩንም ወስዶ መኝታ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ከነቻርጀሩ ሰክቶ፣ የቤቱን ዋይፋይ እንደያዘ አኖረላት።

ማታ የመስታወት ቆራጩን መልእክት ጠበቀች። አልጻፈም። በነጋታውም፣ በሣልስቱም አልጻፈም። ኩራቷን ውጣ አንድ ጊዜ ደወለች፤ አላነሣም፣ መልሶም አልደወለም። በቃ፣ ወንድሜ አስፈራርቶታል፣ የሚፈራ ሰው ደግሞ አልፈልግም ብላ ራሷን አሳመነች። ቀን ቀን ጄሶውን ስታቦካ ጥርሷን ነክሳ ትውላለች፤ ማታ አዲሱን ስልክ ገልብጣ ደረቷ ላይ አድርጋ ትተኛለች። ታፈቅረዋለች፤ ይህን ለራሷ ልትክደው አልቻለችም። ሄዳ ልትለምነው ግን ሞቷ ነው።

ቅዳሜ ረፋድ ሐኪሟ ደወለች። ተቆጥታለች። ሳምንቱን ሙሉ የታካሚ ፎቶ ስልክልሽ አንድም መልስ የለሽም፣ ሥራው ካስጠላሽ ንገሪኝ አለቻት። እምቢዬ ስልኳን አገላብጣ ፈለገች፤ አንድም ፎቶ የለም። ሐኪሟ ደግሞ እኔ ጋ «ደርሷል» ይላል አለች።

«ዶክተር፣ የርስዎ ስልክ ምን ዓይነት ነው?»

እሷ ትታው የወጣችው ዓይነት ነው። የእሱም ስልክ፣ ያ ፊቱ የተሰነጣጠቀው፣ ያው ነው። የያዘችውን የጥርስ ጄሶ አስቀምጣ ከነሽርጧ ወደ ስልክ ሻጯ በረረች።

ሻጯ ነገሩን ስትሰማ ግንባሯን መታች። የድሮው ስልክ ቁጥርሽን ገና አልለቀቀውም አለቻት። ከዚያ ዓይነት ስልክ በኢንተርኔት የተጻፈልሽ ሁሉ አድራሻ እንደቀየርሽ ስለማያውቅ የሚሄደው ወደ አሮጌው ቤትሽ ነው። ከአሮጌው ስልክ ላይ ቁጥሩን ካላስለቀቅሽ አይመጣም። እምቢዬ ምስጋናውንም ረስታ ወጣች። አሮጌው ስልክ ያለው ወንድሟ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ወንድሟና እናቷ ምሳ ላይ ነበሩ። ማንንም ሳታስፈቅድ መኝታ ቤት ገብታ መሳቢያውን ከፍታ ስልኩን ይዛ ወጣች። ድምፁ ተዘግቷል።

«ድምፁን ማን ዘጋው?»

ወንድሟ ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሰ። «ሲጮህብኝ ጊዜ ዘጋሁት።»

«አንብበኸዋል?»

«አልከፈትኩትም። ራሱ ነው ፊቱ ላይ የሚወጣው» አለ፤ ቀና ብሎ ግን አላያትም።

ቆማ ጮክ ብላ አነበበች፤ እናቷ እንድትሰማ። «ላገባሽ እፈልጋለሁ። እሺ ካልሽኝ ወንድምሽ ዘንድ መጥቼ ፊት ለፊት እጠይቃለሁ።» ቀጥሎ፣ «ስትደውዪ መሰላል ላይ ነበርኩ። በስልክ ይሄን ማውራት አልችልበትም፤ እዚሁ መልሺልኝ።» የመጨረሻው ትናንት የተጻፈ ነው። «ገባኝ። ሰኞ ሩቅ አገር ለሥራ እሄዳለሁ። ጥርሱን ስለሠራሽልኝ አመሰግናለሁ።»

ምስጋናው ላይ ስትደርስ እንባዋን በሽርጧ ጠረገች፤ ጄሶው ጉንጯ ላይ ቀረ።

ከዚያ ሻጯ እንዳሳየቻት ቁጥሩን የምታስለቅቅበትን ቦታ ፈልጋ ነካችው። ወዲያው የወንድሟ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። እናትየዋ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለችና በርጋታ አነበበችው። «ልጅዎ ፈቃድ እየጠየቀች ነው። ይፈቅዳሉ?»

እናትየዋ መነጽሯን አውልቃ ልጇን አየችው።

«የወለድኳት እኔ ነኝ፤ ዓመቱንም እኔ አውቀዋለሁ። አንተ ይሄን ልጅነቷን ከየት አመጣኸው?»

እምቢዬ አሮጌውን ስልክ ከወንድሟ ሳህን አጠገብ አስቀመጠችለት።

«ጋሼ፣ የጠየቀህ ስልኩ ነው፤ እኔ አልጠየቅሁህም። ብትፈቅድም ባትፈቅድም እሄዳለሁ። ብትፈቅድ ግን ደስ ይለኛል፤ ያሳደግከኝ አንተ ነህና።»

ጣቱ ስልኩ ላይ ሲያመነታ እያየችው በሩን ከፍታ ወጣች።

መስታወት ቤቱ ውስጥ እሱ መቁረጫዎቹን በጨርቅ እየጠቀለለ ነበር። ሲያያት እጁ ወደ አፉ ሄደ፤ የድሮ ልማዱ።

«አልደረሰኝም» አለችው።

«ደርሷል ይላል እኮ።»

«ቤታችን ደርሷል። እኔ ጋ አልደረሰም።»

ሁሉንም ነገረችው። ሰምቶ ሲያበቃ ባዶ ሣጥን ላይ ቁጭ አለ። ሳምንቱን ሙሉ እሷ ፈራ ስትል፣ እሱ ናቀችኝ ሲል ነው የከረመው።

«በል አሁን ጻፍልኝ» አለች።

«እዚሁ ቆመሽ?»

«እዚሁ ቆሜ።»

ጻፈ። ሁለቱም አንገታቸውን አዲሱ ስልክ ላይ አቀርቅረው ጠበቁ። ምንም የለም። ውጭ መኪና አለፈና መደርደሪያው ላይ ያሉት መስታወቶች ተንቀጠቀጡ። አሁንም የለም። የወንድሟ ጣት ትዝ አላት፤ እዚያው አየር ላይ እንደቀረ ይሆናል። ቢሆንም ስልኩን ኪሷ ከተተችው።

«ባይደርስም ይቅር። አፍ አለህ፤ ጥርሱንም ሠርቼልሃለሁ። በአፍህ ንገረኝ።»

ተነሣ። እጁን ከአፉ አወረደ። ከንፈሩ ሁለቴ ተንቀሳቅሶ ሁለቴ ቆመ። ቸኮላ አላገዘችውም።

«አግቢኝ» አለ።

«እሺ።»

በዕድሜዋ ስንት እሺ ብላለች፤ ማንም ያላዘዛት ይህ አንዱ ነበር። የሰኞው ጉዞ ይቅር ወይ ብሎ ሲጠይቃት፣ ለምን ይቀራል፣ ሠርተህ ትመለሳለህ አለችው። ከዚያ ሳቀ፤ አፉን ሳይሸፍን፣ ከልቡ። እሷ እንኳ፣ የሠራችው ራሷ፣ የትኛው ጥርስ የእሷ እንደሆነ መለየት አቃታት።

ያኔ ኪሷ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። አወጣችው። የእሱ መልእክት ነው፤ «ደረሰሽ?» ይላል። ወንድሟ ፈቅዷል፣ ቁጥሯም ተለቋል ማለት ነው። ወዲያው ሌላ ተከተለ፤ ከወንድሟ።

«ነገ ይምጣ። ልክ በስድስት ሰዓት።»

ደጋግማ አነበበችው። እንባዋ መጣ፣ ሳቋም አብሮ መጣ። ከዚያ ስሟን ያወጣው መልአክ ደስ እንዲለው ይመስል ቀና ብላ ቆማ መለሰችለት።

«እምቢ። በሰባት።»