የቆየው ዕቃ አዲሱ ዋጋ

ሰውየው ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

«ስክሪኑ ተሰንጥቋል።»

«ከሐሙስ በፊት አይደርስም» አለችው ጠጋኟ።

«ለዛሬ አድርሺልኝ።»

የምስጢር ቃሉ መልስ ይህ አልነበረም። «ሐሙስም ይሁን» ማለት ነበረበት።

በድብቅ የምትመረምርለት መሥሪያ ቤት «መርፌ» ይላታል። እዚህ ሱቅ ግን ስምንት ወር ሙሉ ስልክ ጠጋኝ ናት። በኮምፒውተር ቺፕ ላይ አዲስ የገቢ ዕቃ ቀረጥ ከታወጀ ወዲህ የስልክና የላፕቶፕ ዋጋ በግማሽ ጨምሯል። አዲስ መግዛት ያቃተው ሁሉ አሮጌውን ይዞ እሷ ጋ ይሰለፋል።

ከሱቁ ወዲያኛው ጥግ አንዲት ተማሪ ሻጩን ትሞግታለች። «ባለፈው ወር ያየሁት ያው ላፕቶፕ አይደለም እንዴ?»

«ቀረጡ ነው እህቴ። ምን ላድርግ?»

ውሸት ነው። ያ ሁሉ ዕቃ የገባው ከአዋጁ በፊት ነው። ባለሱቁ የቀረጡን ዝርዝር ማንም ሳይሰማ አግኝቶ መጋዘኑን በርካሽ ሞልቷል። ዝርዝሩን ማን እንዳሾለከለት ማወቅ የእሷ ሥራ ነበር።

ትናንት ዝርዝሩን ከባለሱቁ መሳቢያ አገኘችው። ፎቶ አንስታ ሚሞሪ ካርድ ላይ ያዘችው፤ ካርዱን የሚወስድ ሰው እንዲልክም ወዲያው ለአለቃዋ ለ«አጎት» መልእክት ላከች። ጠርዙ ላይ ያለውን የእጅ ጽሑፍ ልብ ያለችው ከዚያ በኋላ ነው።

የራሱ የ«አጎት» ነበር።

ካርዱን ሊወስድ የመጣው ይህ ሰው የማን እንደሆነ ገባት፤ በምትኩ ባዶ ካርድ ስልኩ ውስጥ ከታ መለሰችለት። ውጭ ሞተሩ ያልጠፋ መኪና ቆሟል።

ከጎኗ የሚሠሩት አዛውንት ጠጋኝ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ምን ሆነሻል? ፊትሽ ልክ አይደለም።»

«ጋሼ፣ ይቺን ካርድ ለዐቃቤ ሕግ ያደርሱልኛል? ለሌላ ለማንም እንዳይሰጡ።»

«ምንድን ናት?»

«የዚህ የዋጋው ጉዳይ ናት።»

ሰልፉን አዩት። ኮታቸውን አነሡ። «እኔን ሽማግሌውን ማን ልብ ይለኛል» ብለው ወጡ።

ሲሄዱ ማንም ልብ አላላቸውም። ካርዱንም በእጃቸው አስረከቡ።

ሲመለሱ ግን የሰውየው ካርድ ባዶ መሆኑ ታውቆ ነበር። ከጠጋኞቹ መሀል ከሱቁ የወጡት ደግሞ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

መርፌ ከበሩ ላይ ሆና አየች። ያ መኪና ወደ እሳቸው ሲመጣ ፍሬን አልያዘም።

ዛሬም በእንቅልፏ የምትጠብቀው ያንን ያልተሰማ የፍሬን ድምፅ ነው።

በማግስቱ «አጎት» ታሰረ። ባለሱቁም ታሰረ፣ መጋዘኑም ታሸገ። ዋጋው ግን ንቅንቅ አላለም። ቀጥሎ የገባው ዕቃ ቀረጡ በእርግጥ ተከፍሎበት ነበርና።

በሦስተኛው ቀን የአዛውንቱ ለቅሶ ቤት ገብታ ከሰው መሀል ተቀመጠች። ባለቤታቸው አጠገቧ መጡ።

«የኔ ልጅ፣ ከየት ታውቂያቸዋለሽ?»

«ደንበኛ ነበርኩ። ስልክ ጠግነውልኛል።»

«አብራቸው የምትሠራ አንዲት ልጅ ነበረች። ቤት ሲገቡ ወሬያቸው ሁሉ እሷ ነበረች። እስካሁን አልመጣችም።»

«ትመጣ ይሆናል።»

«ብትመጣልኝ ደስ ባለኝ» አሉ ሴትዮዋ። «የዚያን ቀን እንዴት እንደዋሉ የምትነግረኝ እሷ ብቻ ናት።»

መርፌ አንገቷን ደፋች። ከዚያ እንደማንኛውም ለቀስተኛ «እግዜር ያጽናዎት» ብላ ወጣች።

በአሥር ሰዓቱ አውቶብስ ተሳፈረች። ትኬት ቆራጩ እውነተኛ ስሟን ሁለት ጊዜ ጠራ። የእሷ መሆኑ የገባት በሦስተኛው ነው።