የጓዳ በር የሌለው ንድፍ

ቀረብ በሉ። አንተ ፋኖሱን ዝቅ አድርገው፤ ለዚህ ወሬ ብዙ ብርሃን አያስፈልግም።

ሰዓቱ ጀንበር ጥልቅ ስትል ነው። መንገዷ ወደ ኮረብታው የምትወጣ ቀጭን መንገድ ናት። በዚያ ሰዓት ማን ይሄድባታል? ማንም። ያን ዕለት ግን አንድ ሰው ሄደባት። ታፈረ ይባላል፤ የቤት ንድፍ ሠሪ ነው።

ኮረብታው ላይ ድሮ የአንድ ባላባት ትልቅ ቤት ነበር። ተቃጥሎ ጠፋ፤ የቀረው ጉልበት የሚደርስ የመሠረት ድንጋይ ነው። የልጅ ልጃቸው ቀኛዝማች አድማሱ፣ "የአያቴን ቤት ልክ እንደነበረ ሣልልኝ፤ መልሼ እሠራዋለሁ" ብለውታል።

ታዲያ ያ ቤት ከጓዳ ወደ ውጭ የሚያስወጣ በር አልነበረውም። ለምን? ወጥ የሚሠሩት ሴቶች ሲወጡ በአዳራሹ፣ በባላባቱ ፊት እንዲያልፉ፣ መቀነታቸው እንዲፈተሽ ነዋ! ቅቤ ይሰርቁኛል ብለው። እሳቱ ከአዳራሹ ሲነሣ ባላባቱ በዋናው በር ወጡ። ሴቶቹስ? ሴቶቹ በየት ይውጡ?

ታፈረ ከመሠረቱ ውጭ ተቀምጦ ይሥላል። መጀመሪያ ያረረ ቅቤ ሸተተው። መሣሉን ቀጠለ። ቀጥሎ ወረቀቱ ላይ ጥላሸት የነካው የጣት አሻራ አየ። እፍ ብሎ አራገፈው። ጣቱ ተመልሶ መጣ፤ አሁን እጅም ነበረው።

"ልጄ፣" አለች ከጓዳው በኩል አንዲት ሴት፣ "ቤቱ ሊሠራ ነው አሉ። እዚህ ጋ አንዲት በር ሣልልን።"

"እትዬ፣ ያልነበረ በር አይሣልም። ቀኛዝማች ይቆጡኛል።"

"አንተ ውስጥ ብትሆንስ?"

"እኔማ ውጭ ነኝ!" ብሎ ሳቀ። የጓዳውን ግድግዳ በእርሳስ አደመቀው።

ሥራው አለቀ። ቀደም ሲል የለካበትን ሜትር ጓዳው ውስጥ ረስቶ ነበርና ሊያነሣ ድንጋዩን ተሻገረ። አነሣ። ሊመለስ ሲራመድ ግንባሩ ተመታ። የሚታይ ነገር የለም፤ ግን ግድግዳ ነው። ወደ አዳራሹ ዞረ፤ የእሳት ወላፈን መለሰው። ግድግዳውን ዳሰሰ፣ ደበደበ። እርሳሱ ከድንጋዩ ማዶ፣ እጁ ቢዘረጋ በሚደርስበት ቦታ ተጋድሟል። በር ለመሣል አንዲት መስመር ብቻ ትበቃው ነበር!

ከኋላው ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ አሉለት።

"ና ልጄ፣ ቦታው ይበቃናል።"

በነጋታው ቀኛዝማች ንድፉን አገኙ። "አንድ ጉድለት የለውም!" አሉ። ሠሪው የት ገባ ብለው አልጠየቁም። ቤቱ እንደ ንድፉ ተሠራ። ጓዳው ሲንኳኳ፣ "አይጥ ነው" ይሉ ነበር።

የትኛው ቤት ነው አላችሁ? የተቀመጣችሁበት ነዋ። አንተ የጓዳውን ግድግዳ የተደገፍከው፣ እስቲ ዞር በል።

ጀርባህ ላይ ያ ጥላሸት የማን እጅ ነው?