አሥራ ሁለተኛው ቤት

ደረሰ ምስማር ባይረግጥ ኖሮ ብርቅዬ ስለ ቤት ሠሪዎቹ ማኅበር የምትሰማበት ምክንያት አልነበረም።

ዘመኑ 1979 ዓ.ም. ነው። ብርቅዬ ሀዋሳ መናኸሪያ አጠገብ ባለች ትንሽ ጤና ጣቢያ ቁስል ታጥባለች፤ መርፌ ትወጋለች። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ረጅም ወጣት ጫማውን በእጁ ይዞ፣ በአንድ እግሩ እየዘለለ ገባ።

«ምን ስትሠራ ነው የወጋህ?»

«ቤት።»

«የማን ቤት?»

«የአሥራ አንድ ሰው» ብሎ ሳቀ፤ ወዲያው አዮዲኑ ሲያቃጥለው ፊቱ ተጨማደደ። «አሥራ ሁለተኛ እየፈለግን ነው። አንቺ ቤት አለሽ?»

ብርቅዬ ከእናቷ ጋር በአንዲት የኪራይ ክፍል ነበር የምትኖረው። ደረሰ አናጢ ነው፤ የማኅበሩም ጸሐፊ። እግሩ በፋሻ እስኪታሰር ድረስ ሁሉንም ነገራት፤ አሥራ ሁለት ቤት አንድ ግቢ ከበው ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ማድቤቱ አንድ፣ ቧንቧው አንድ፣ አዳራሹ አንድ። ሊቀ መንበሩ ጋሽ ጠሀ ልብስ ሰፊ ሙስሊም ናቸው፤ ጦርነት እግራቸውን የወሰደባቸው ሃምሳ አለቃ ካሳሁንም አባል ናቸው።

ቁስሉ በሳምንቱ ደረቀ። ደረሰ ግን «ያመኛል» እያለ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። በሦስተኛው ብርቅዬ እግሩን ሳይሆን ዓይኑን አየችና «የሚያምህ እዚያ አይመስለኝም» አለችው። በማግሥቱ በማኅበሩ ተመዘገበች።

ከዚያ ወዲያ እሑድ ለብርቅዬ ሌላ ቀን ሆነ። ድንጋይ ታቀብላለች፤ ጭቃ ትረግጣለች። ከጣሪያው ላይ የመዶሻ ድምፅ በቆመ ቁጥር ደረሰ እያያት መሆኑን ታውቃለች። ቀና አትልም፤ ፈገግታዋ ግን ይከዳታል።

አንድ ቀን ከሥራ በኋላ ወደ ሐይቁ ወረዱ። ብርቅዬ ጠጠር አንሥታ ውሃው ላይ ወረወረች።

«ከሰው ሳትሰማው ልንገርህ» አለችው። «እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። የእጇን እንስራ ይገዛሉ፤ ቤታችን ገብቶ ውሃ የሚጠጣ ግን የለም።»

ደረሰ ወደ እሷ ዞረ።

«እኔ ደግሞ ጠምቶኛል» አላት። «ውሰጂኝ።»

እናቷ ወይዘሮ ብዙአየሁ ጭቃ የነካው እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ተነሡ። ውሃ እንደሚፈልግ ሲሰሙ ደነገጡ።

«ልጄ፣ ስትገባ ሰው አይቶሃል?»

«ይየኝ እማማ። ይልቅ ውሃውን ይስጡኝ።»

ጣሳውን እስከ ታች ጨለጠና «ይድገሙኝ» አለ። ብርቅዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እንባዋን እንዳያይባት።

ደስታቸው ወር አልሞላውም። የደረሰ እናት ወይዘሮ ሙሉጌጥ ቅቤ ነጋዴ ናቸው፤ ቤቱ ሲያልቅ ከልጃቸው ጋር ሊገቡ ነው፤ ወይዘሮ ብዙአየሁን ከገበያ ያውቋቸዋል። የአዲሷ አባል እናት ማን እንደሆኑ ሲሰሙ ስብሰባ ይጠራልኝ አሉ።

ስለ እኩልነት መፈክር ተሰማና ሁሉም ተቀመጠ። ወይዘሮ ሙሉጌጥ ተነሡ።

«እኔ ሰው አልጠላም። ግን ከሸክላ ሠሪ ጋር በአንድ ምድጃ አላበስልም። ከኋላ ለብቻቸው ትንሽ ማድቤት ይሠራላቸው።»

ጥቂቶች በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። ብርቅዬ ደረሰን አየችው። ቃለ ጉባኤው ላይ አቀርቅሯል፤ ቀና አላለም። በዚያች ቅጽበት ሐይቅ ዳር የሰማችው ቃል ሁሉ ውሸት መሰላት።

«ለእኔ ደረጃውን አፍርሳችሁ ተዳፋት መወጣጫ ሠራችሁ» አሉ ሃምሳ አለቃ ካሳሁን። «ከእናንተ ጋር እንድገባ ነው። ይኼ ግን ማስወጣት ነው።»

ጋሽ ጠሀም ቀጠሉ። «እኛ ሙስሊሞች ለሥጋችን የሚሆን ምድጃ ለብቻ ይሁንልን ብለን የጠየቅነው ራሳችን ነን። ብርቅዬ ምን ጠየቀች?»

ጋሽ ጠሀ እጅ እንዲወጣ አዘዙ፤ ለአንድ ቤት አንድ ድምፅ። የብርቅዬ ቤት ጉዳዩ የራሱ ስለሆነ አይቆጠርም ተባለ። ለብቻ ይሠራ ያሉ አምስት፤ አንድ ይሁን ያሉ አምስት። ወይዘሮ ሙሉጌጥ እጃቸውን ሲያወጡ ጋሽ ጠሀ በትሕትና፣ «እትዬ፣ የተመዘገበው ደረሰ ነው» አሏቸው።

ሁሉም ወደ ደረሰ ዞረ። እስክሪብቶውን አስቀምጦ ተነሣ።

«ቅድም ዝም ያልኩት እናቴን በሰው ፊት ላለማሳፈር ነበር። ጥፋቴ ነው፤ ያሳፈርኩት ሌላ ሰው ሆነ።» እጁን አወጣ። «አንድ ማድቤት። ደግሞ ይጻፍልኝ፤ እሺ ካለችኝ ብርቅዬን አገባለሁ።»

«ይኼ እንኳ በአጀንዳው የለም» አሉ ጋሽ ጠሀ፤ አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። ወይዘሮ ሙሉጌጥ ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ።

ብርቅዬ በሰው መካከል አልፋ አጠገቡ ደረሰች።

«እሺ ብያለሁ» አለችው በሹክሹክታ። «አሁን እናትህን ተከተል። ሩጥ!»

ሮጠ። እናቱ ግን በር ዘጉበት።

አራት ወር አለፈ። ቤቶቹ አለቁ፤ ሁሉም ጓዙን አስገባ፤ ወይዘሮ ሙሉጌጥ ብቻ ከኪራይ ቤታቸው አልነቃነቅ አሉ። ሠርጉ ሲቃረብ ብርቅዬ ለማንም ሳትናገር ቅቤ ተራ ሄደች።

«እትዬ፣ እሑድ ነው። እርስዎ ካልመጡ አላገባም።»

«ታስፈራሪኛለሽ?»

«አይ። ልጅዎ በየማታው መንገድ መንገዱን ሲያይ ማየት አልቻልኩም።»

ወይዘሮ ሙሉጌጥ ቅቤውን በኮባ መጠቅለል ቀጠሉ። ቀና ብለውም አላዩዋት።

እሑድ ሙሽሮቹ በማዘጋጃ ቤት ተፈራርመው ሲመለሱ ግቢው በዘፈን ይናጥ ነበር። ድንገት ከበሮው ቆመ። ወይዘሮ ሙሉጌጥ በሩ ላይ ቆመዋል፤ በእጃቸው በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ይዘዋል።

«ማድቤቱ የት ነው?» አሉ።

ብርቅዬ ጠቆመቻቸው። ወይዘሮ ብዙአየሁ ምድጃው ዳር ወጥ እያማሰሉ ነበር። ወይዘሮ ሙሉጌጥ ገቡ። ሰዉ ሁሉ ወደ ማድቤቱ በር ተጠጋ።

ከውስጥ የወይዘሮ ሙሉጌጥ ድምፅ ተሰማ።

«እሳቱ አነሰ እኮ፤ እንጨት ጨምሪበት እንጂ። እስቲ ጠጋ በይ።»

ደረሰ የብርቅዬን እጅ አጥብቆ ያዘ፤ የመጀመሪያውን እልልታ ያቀለጠችውም ሙሽራዋ ራሷ ነበረች።