የበቆሎ ማሽኑ የቆመበት ዓመት

ቢሆነኝ ወደ መንደሩ የመጣው ለሦስት ቀን ሥራ ነበር። በ2017 ጥር መጨረሻ ላይ በትራክተር የሚጎተት የበቆሎ መፈልፈያ ማሽን ይዞ ከፍኖተ ሰላም መጣ። የአቶ ቸኮለን ክምር ሳይጨርስ አስፋልቱ ላይ ተኩስ ተከፈተ። ባለ ትራክተሩ «ነገ እመለሳለሁ» ብሎ ወደ ቡሬ እንደሄደ ቀረ። መንገዱ ተዘጋ፤ ናፍጣው አለቀ፤ ማሽኑ ቆመ።

ወጣት ወንድ ብቻውን መንገድ ላይ ከተገኘ አንዱም ወገን ሌላውም ወገን «የማን ነህ?» ብሎ ይይዘዋል። አቶ ቸኮለ ይህን ያውቃሉ።

«እስኪከፈት ከእኛው ጋር ክረም፣ ልጄ» አሉት፣ ከጎተራው አጠገብ ያለችውን ጎጆ እያሳዩት።

እስኪከፈት የተባለው ሦስት ወር ሆነ።

የአቶ ቸኮለ ልጅ ስመኝ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ቡሬ የጀመረችው የኮሌጅ ትምህርት ተቋርጦ ቤት ገብታለች። እናቷ ከሞተች ቆይቷል። ወንድሟ ደረሰ ከቤት ከወጣ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል፤ የት እንዳለ የነገራቸው ሰው የለም። አባቷን ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ስለዚህ የተረፈውን በቆሎ በእጇ ልትፈለፍል ተቀመጠች። ቢሆነኝም ሳትጠራው መጥቶ ከክምሩ ማዶ ተቀመጠ።

«ማሽንህ ሲቆም አንተም የምትቆም መስሎኝ ነበር» አለችው።

«እኔ ናፍጣ አልጠጣም።»

«ታዲያ ምን ትጠጣለህ?»

«የሰጡኝን።»

ሳቀች። ደረሰ ከሄደ ወዲህ በዚያ ግቢ ሳቅ አልተሰማም ነበርና አባቷ ከውስጥ ቀና ብለው አዩ።

በሦስተኛው ቀን መዳፉ ተላጠ። ስመኝ ከአሮጌ ነጠላዋ ጠርዝ ቀደደችና ጨርቁን ክምሩ ላይ አኖረችለት። አንዱን ጫፍ በጥርሱ ይዞ እጁን ሲያስር እያየችው እንደሆነ ያውቃል፤ ቀና አላለም። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም።

በቆሎው ተፈልፍሎ አለቀ፤ ገዢ ግን አልመጣም። አቶ ቸኮለ በየማለዳው እጃቸውን ወደ ጎተራው እየሰደዱ ነቀዝ የበላውን ዱቄት በጣታቸው ያሻሉ። ማዳበሪያም የለም። ሚያዝያ ሲገባ ቢሆነኝ በሬዎቹን ጠመደ። የከተማ ልጅ ነውና ትልሙ ይጣመማል።

«እርፉን ጫን አድርገው!» ይሉታል አቶ ቸኮለ ከዳር ሆነው።

ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት መንገዱ ተከፈተ ተባለ። ቢሆነኝ ስመኝን ወንዝ ወርዳ ጀሪካን ስትሞላ አገኛት።

«አብረሽኝ ሂጂ።»

«አባዬን ለማን ትቼ?»

«ይዘናቸው እንሄዳለን።»

«መሬቱስ? ደረሰ ቢመጣ ማንን ያገኛል?»

ጀሪካኑ ሞልቶ ፈሰሰ።

«እናቴ ብቻዋን ናት» አለ በመጨረሻ። «ኔትወርክ ከጠፋ ጀምሮ ድምጿን አልሰማሁም።»

«እንግዲያ ሂድ።»

«እመለሳለሁ፣ ስመኝ። እውነቴን ነው…»

«አትማልልኝ!» አለች ድምፅዋ ተሰብሮ። «እመለሳለሁ ብለኸኝ ብትቀር ሞተ ብዬ ነው የማስበው። ረሳኝ ብዬ ባስብ ይቀለኛል።»

ሄደ። በሁለተኛው ቀን መንገዱ መልሶ ተዘጋ።

ግንቦት ገባ፤ ዝናቡም ጣለ። አቶ ቸኮለ ሊዘሩ ወጥተው ሁለት ትልም ሳያወጡ ወደቁ። ስመኝ አባቷን ደግፋ ዳር አስቀመጠቻቸውና ተመልሳ እርፉን ያዘች። በዚያ አገር ሴት እርፍ አትይዝም። አባቷ ፊታቸውን አዞሩ፤ ተዪው ግን አላሏትም።

ቢሆነኝ በሄደ በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት ሰዎች በወንዙ በኩል ብቅ አሉ። ከፊት በትር የያዙ አሮጊት፣ ከኋላ ጓዝ የተሸከመ ሰው። ስመኝ ከሩቅ አካሄዱን ለየችው።

አሮጊቷ የቢሆነኝ እናት፣ እማማ ገላነሽ ናቸው። ሁለት ቀን በእግራቸው ተጉዘው እግራቸው አብጧል።

«ይግቡ፣ ይቀመጡ» አሉ አቶ ቸኮለ፣ በርጩማ እየሳቡ።

«አልቀመጥም። ጉዳይ አለኝ።»

አቶ ቸኮለ ገባቸው። ልጅ ለመጠየቅ የመጣ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም።

«ሽማግሌ ልልክ ነበር» አሉ እማማ ገላነሽ። «ወንድ በዚህ መንገድ አያልፍም ብለው ሁሉም እንቢ አሉኝ። አሮጊት ግን ማን ያስቆማታል? እሱንም ታሞብኝ ነው፣ ግሽ ዓባይ ጠበል ልወስደው ነው እያልኩ አሳለፍኩት። እንግዲህ ሽማግሌውም እናቱም እኔው ነኝ።»

አቶ ቸኮለ መሬት መሬት አዩ። «የቀረችኝ እሷ ናት። ከተማ ከገባችብኝ…»

«ልጅዎን ልወስድ አይደለም የመጣሁ፣ ወንድሜ። ልጄን ላመጣልዎ ነው። እኔም ቤቴን ቆልፌ ነው የወጣሁት።»

«ድግስ የለኝም።»

«በዚህ ዘመን ማን ድግስ ጠየቀዎት?»

በአስፋልቱ በኩል ተኩስ ተሰማ። ማንም ዘወር አላለም። እማማ ገላነሽ በትራቸውን ተደግፈው እንደ ቆሙ ናቸው።

አቶ ቸኮለ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺስ?»

ስመኝ በሩ ላይ የቆመውን ቢሆነኝን አየችው። ከስቷል፤ ጓዙን ገና ከትከሻው አላወረደም። ዓይኑን ከእሷ አልነቀለም።

«ደክሟቸዋል፣ አባዬ» አለች ቀስ ብላ። «ይቀመጡ ይበሏቸው።»

አቶ ቸኮለ በርጩማውን በነጠላቸው ጠርገው አቀረቡ። እማማ ገላነሽም ተቀመጡ።