ግድግዳውን የሚመታው እግር

ይኼ ተረት አይደለም። ፊደል ባልቆጥርም ያየሁትን ከሰማሁት የምለይ ሴት ነኝ። የሚያምን ይመን፣ የማያምን እንደ ፍጥርጥሩ።

ያለፈው ዓመት ፍልሰታ ነው። ነሐሴ አሥራ ሦስት፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት። ከሰቆጣ ወጣ ብላ ባለች ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሱባኤ ይዘናል።

አንዲቱን ጎጆ በጭቃ ግድግዳ ለሁለት ከፍለናታል። ወዲህ እኔ፣ ወዲያ የልጅነት ጓደኛዬ አመተ ሥላሴ። ልቧን ያማታል፤ ሌት ተቀን ያስላታል።

ሱባኤ ከመግባታችን በፊት እጄን ያዘችኝ።

"አርምሞ ብትይዢም፣ ዝም ካልኩብሽ ግቢና እዪኝ። ብቻዬን አልሙት።"

"ሞት አንቺን ወስዶ ምን ይሠራብሻል? አጥንት ብቻ!"

ሳቀች። ቃል ግን ገባሁላት።

አርምሞ መያዝ ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመቴ ነው። በሱባኤ አንድ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። እኮራበት ነበር...

ከቅዳሴ መልስ ቆሏችንን ቀምሰን ጋደም እንላለን። እንቅልፍ ሸለብ ሊያደርገኝ ሲል... ከገደል የተወረወርኩ ይመስል እግሬ ይስፈነጠራል። ብንን እላለሁ። ከጎጃም ተመድባ የመጣችው ነርስ ማስተዋል ድሮውንም ነግራኛለች፤ ድካም ነው፣ ሰውን ሁሉ ያገኘዋል፣ አይፍሩ ብላ። እኔስ መች ፈራሁ?

አመተ ሥላሴም እንደኔው ናት። እንቅልፍ ሲጥላት እግሯ ግድግዳውን ይመታል።

ጧ።

በአሥራ አንደኛው ቀን አንድ ነገር ልብ አልኩ። የእኔ እግር ሲስፈነጠር የእሷም ይመታል። እኩል። ሁለቴ... ሦስቴ...

በማግስቱ ሳሏ ጠፋ። ጸሎቷም አይሰማም። ለቅዳሴም አልወጣች።

ግድግዳውን ግን ትመታለች። የምትመታ ሴትማ አለች ብዬ ተውኩት። ለእግር ኳኳታ ብዬ አርምሞዬን ልፍታ?

በአሥራ ሦስት... በግድግዳው ስንጥቅ ዝንብ ይገባል፣ ይወጣል።

ጋደም አልኩ። እግሬ ተስፈነጠረ።

ጧ።

ተነሣሁ። ዞሬ ሄጄ የበሯን ሳንቃ ገፋሁ።

"አመተ ሥላሴ..."

የሠላሳ ዓመቱ አርምሞ ፈረሰ።

እግሯን ጨበጥኩት። የወንዝ ድንጋይ ነው። ስንቱን ሬሳ የገነዝኩ ሴት ነኝ፣ አልሳሳትም፤ ከሞተች ከአንድ ቀን በላይ ሆኗታል።

ደግሞ እግሯ ከግድግዳው ክንድ ያህል ይርቃል።

"ይቅር በይኝ እቴ..." አልኳት በሹክሹክታ። ሁለቱንም እግሯን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዣለሁ።

ጧ።

ከወዲያ ነው። ከእኔ በኩል።

በስንጥቁ አየሁ። ሰሌኔ ላይ አንዲት አሮጊት ነጠላዬን ተከናንባ ተኝታለች። እግሯ ተስፈነጠረ። ብንን አለች። ፊቷ የእኔው ፊት ነው። ቀና ብላ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች።

አቤት ባይ ባገኝ ብዬ ጮህኩ።

ሰምታኛለች። ትንፋሿ በስንጥቁ ፊቴን ነክቶታል...

አርምሞዋን አልፈታችም፤ ዝም አለችኝ።